ለአንድ እጅ የሚሆን ሽጉጥ

ጥር 9

ወንድሜ ቶሎቶሎ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው ደብዳቤህ ሁለት ጊዜ ስለጠየቅከኝ ሁለት ጊዜ ልመልስልህ፦ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ።

ስልክ ለምን አታነሺም ላልከው፣ ልጄና ምራቴ ከነልጆቻቸው እኔ ጋ ከገቡ ወዲህ እዚህ ቤት ጆሮ በዝቷል። አንዲት ቃል ከአፌ ከወጣች እራት ላይ መነጋገሪያ ትሆናለች። ደግሞ አንተ በስልክ ስታወራ ከበስተኋላህ ሁልጊዜ የሆነ ማሽን ይጮሃል፤ ግማሹ አይሰማኝም። ስለዚህ በወረቀት እንነጋገር።

አሁን ወደ ሽጉጡ፣ ሚስማር ተኩሶ እንጨት ላይ ወደሚተክለው ማሽን። "አንቺንና የሚስማር ሽጉጥን ምን አገናኛችሁ?" ብለህ ስቀህብኛል። ሳቅህ እዚህ ድረስ ተሰምቶኛል። አውቃለሁ፤ አባባ "ሚስማር ለዕቃ ማሸጊያ ሳጥን ነው፣ ሰው የሚቀመጥበትና የሚተኛበት ነገር ሚስማር አያውቅም" እያለ ነው ያሳደገን። በአሥራ ሁለት ዓመትህ ወንበር እግር ውስጥ ደብቀህ በመታሃት አንዲት ሚስማር የተነሳ ከወርክሾፑ እንዳባረረህም አልረሳሁም። ግን አባባ የለም። እኔም ስድሳ አንድ ዓመት ሞልቶኛል። የፈለግኩትን መሣሪያ አማርጬ ብይዝ ማን ከልካይ አለብኝ?

የምፈልገው ለትንንሽ ነገር ነው። የፎቶ ፍሬም፣ የጌጣጌጥ ሳጥን፣ ለጎረቤት ልጆች መጫወቻ። ቤት ውስጥ ጊዜ ማሳለፊያ በለው። አንተ ቀኑን ሙሉ የምትሸጠውና የምትጠግነው ይህንኑ ስለሆነ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም። እነዚህን መልስልኝ፦ ክብደቱ ስንት ነው? ባትሪውን ለማውጣትና ለማስገባት አንድ እጅ ይበቃል? ሚስማር ሲያልቅበት ባንኮ ላይ አስቀምጦ መጨመር ይቻላል ወይስ በሌላው እጅ ደግፎ መያዝ የግድ ነው? ቃታውስ? ጣውላው ላይ ሲጫኑት ምን ያህል ጉልበት ይፈልጋል?

ልጄ "እማዬ፣ በቃሽ፣ አሁን የምታርፊበት ጊዜ ነው" ይላል። እጄን አጣጥፌ እንድቀመጥለት ነው። ወይ ፍንክች! በሕይወት እስካለሁ ድረስ እንጨት እሠራለሁ። አንተም ከወዲሁ እወቅልኝ።

እህትህ

ጥር 21

እታለም፣ አለቃዬ፣

ስለሳቅኩ ይቅርታ። አሁንም ትንሽ እየሳቅኩ ነው የምጽፈው፤ ይቅርታውን ግን ከልቤ ነው። አባባ ከሞተ በኋላ ወርክሾፑን ስትመሪ አንድ ሚስማር መሬት ላይ ካገኘሽ "ይህ የማን ነው?" እያልሽ ሁላችንን በተራ ታሰልፊን እንደነበር አትርሺ። እኔ አልረሳሁም።

ለጥያቄሽ መልስ። በነፋስ የሚሠራ አለ፣ በባትሪ የሚሠራ አለ። የነፋሱ ቀላል ነው፤ ግን ኮምፕረሰር ይፈልጋል፣ ጎረቤት ይረብሻል፣ ቱቦውም በሄድሽበት ሁሉ እንደ ውሻ ይከተልሻል። ለቤት ሥራ ባትሪው ይሻላል፣ ክብደቱን ግን መቻል ነው። ከዚያ የሚስማሩ ቁጥር ይመጣል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሚስማሩ እየቀጠነ ይሄዳል። ለፎቶ ፍሬምና ለጌጣጌጥ ሳጥን ቁጥር 23 ነው። ራስ የለውም፣ እንደ ፀጉር ይገባል፣ ቀዳዳው አይታይም። አባባ መነጽሩን አድርጎ ቢፈልግም አያገኘውም። አንድ መርጬ፣ ከሚስማሩ ጋር ጠቅልዬ በአውቶቡስ ሹፌሩ እጅ ልኬልሻለሁ። ቀለል ያለ ነው፣ ትወጂዋለሽ።

ባትሪውን በአንድ እጅ ያልሽው ግን አልገባኝም። ሁለተኛው እጅሽ ፈቃድ ወጥቷል እንዴ?

ስለ እኔ ለጠየቅሽው፣ ያው እንደምታውቂኝ ነኝ። ከባንኮ ጀርባ ቆሜ ሌላው ሰው የሚሠራበትን መሣሪያ እሸጣለሁ፣ ሲበላሽ እጠግናለሁ። እኔ ራሴ እንጨት ከነካሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ጊዜ የለም እላለሁ፤ ሰበብ መሆኑን አውቃለሁ።

ልጅሽም ጽፎልኛል። ምን እንዳለ ለጊዜው ይቅር።

ወንድምሽ

የካቲት 6

ወንድሜ፣

ማሽን ላክልኝ ብልህ መርፌ ላክህልኝ። ስለምናገረው ነገር አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ግን ተናድጃለሁና ልናገር። ሁለት ጣውላ አጋጥሜ በአሥር ሚስማር መታሁት። ጎተት ሳደርገው እንደ ብስኩት ተላቀቀ። ሚስማሮቹ እዚያው ቀጥ ብለው ቆመው ያዩኛል። ይህ ለአሻንጉሊት ቤት እንጂ ለሌላ አይሆንም።

ከማሽኑ ጋር ባስገባሃት ቁራጭ ወረቀት ላይ "የፍሬሙ ውፍረት ስንት ነው?" ብለሃል። ሁለት ሴንቲ ጣውላ፣ ከኋላው ሁለት ተኩል ሴንቲ መወጠሪያ። ቁመቱ ሁለት ሜትር፣ ስፋቱ ሰማንያ ሴንቲ። አዎ፣ ትልቅ ፍሬም ነው። ትልቅ ፎቶ አለኝ። ሥራህ መሣሪያ መምረጥ ነውና ምረጥ፤ ፎቶውን ለእኔ ተወው።

ደግሞ ቀላል ነው ያልከኝ ማሽን ባትሪውን ለመንቀል ያየሁትን መከራ እኔ ነኝ የማውቀው። በሁለት ጉልበቴ መሃል ጨምቄ ነው ያወጣሁት። ይህንን ማን ነው የሠራው? አንድም ቀን ማሽኑን ራሱ ይዞት ያውቃል?

የእጄን ፈቃድ በተመለከተ የቀለድከው አላሳቀኝም።

ልጄ ምን ብሎ ጻፈልህ? "ይቅር" ብለህ ነገር ጀምረህ አትተው። እኔ አንተን ሳሳድግ እንዲህ አላስተማርኩህም።

እህትህ

የካቲት 15

እታለም፣

የትኛው እጅ ነው?

ሰላምታ አልጽፍልሽም፤ ስትመልሺልኝ እጽፋለሁ። ትናንት ሱቁ ጭር ሲል ደብዳቤዎችሽን ባንኮው ላይ ዘረጋኋቸው። ክብደቱ፣ ባትሪው፣ ሚስማር መጨመሩ፣ ጉልበቱ፣ በጉልበት መሃል ጨምቆ ማውጣቱ። አንድም የጠየቅሽኝ ነገር ስለ ፍሬም አይደለም። ሁሉም ስለ አንድ እጅ ነው። ግራ እጄን ቀበቶዬ ውስጥ ሸጉጬ አንዱን ማሽን አነሳሁና ባትሪውን ልነቅል ሞከርኩ። በጉልበቴ መሃል ካልጨመቅኩት አልሆነም። እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ያን ቀልድ የጻፍኩባት እጄ በተቆረጠች አልኩ።

ልጅሽ የጻፈልኝ ይህ ነው፦ "አጎቴ፣ እማዬ የሥራ መሣሪያ ብትጠይቅህ እባክህ እንዳትልክላት። ምክንያቱን እንዳልነግርህ አስምላኛለች።" በቃ፣ ይኸው ነው። መሐላውን ጠብቋል ልጁ። እኔ ደግሞ ነገሩ የእናትና የልጅ ጭቅጭቅ መስሎኝ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ላክሁልሽ።

ከመቼ ጀምሮ ነው? ለምን ደበቅሽኝ? የምትሸሽጊኝ ምን አደረግኩሽ? ስልክ ያላነሳሽውም ለዚሁ ነው? ደግሞ ሁለት ሜትር በሰማንያ ፍሬም አይባልም፤ በር ነው። የምን በር ነው?

ጉዳዩ የጠረጠርኩት ከሆነ ልጅሽ ልክ ነው። ተይው፣ እታለም። ዕድሜሽን ሙሉ ሠርተሻል። በሩን እኔ መጥቼ እሠራልሻለሁ፤ የሦስት ቀን ሥራ ነው።

ወንድምሽ

የካቲት 24

ወንድሜ፣

ግራው ነው።

ከእንግዲህ አልዋሽህም። መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ጠዋት ወጥ ቤት ቆሜ ብርጭቆ ከእጄ ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ ስል እኔም ተከተልኩት። ስትሮክ ነው አሉኝ። እግሬ በሁለት ወር ተመለሰ፤ አነክሳለሁ እንጂ እሄዳለሁ። ምላሴ ዘገየብኝ። ስልክ ያላነሳሁት ለዚያ ነው፤ እንደ ሰካራም እየተንተባተብኩ እንድትሰማኝ አልፈለግኩም። አሁን ልጄ ሲያናድደኝ አንድም ቃል አይሰናከልብኝም። ግራ እጄ ግን ቀረ። አለ፣ ተንጠልጥሏል፣ ቢቆነጥጡት አይሰማውም። ቀኙ ደህና ነው፤ ይህን የምጽፍልህ በእሱ ነው።

ለምን ደበቅሽኝ ላልከው፣ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። ነገሩን ገና ሳትሰማ "ተይው" አልከኝ። ከአንተ ይህችን ቃል እንዳልሰማ ነበር የሸሸግኩህ።

አሁን ስለ በሩ ስማኝ። ከሆስፒታል ስመለስ የመኝታ ቤቴ በር የለም። ልጄ ነቅሎታል። "እማዬ፣ ብትወድቂ እንድንሰማሽ ነው" አለኝ። እሺ፣ በሩስ የት አለ? ቆርጦ ለልጆቹ የመጽሐፍ መደርደሪያ ሠርቶበታል። ያ በር አንተ ከዚህ ከመሄድህ በፊት አብረን የሠራነው ነው፤ ክረምቱን በሙሉ የፈጀንበት፣ አንድ ሚስማር የሌለበት። እሱ በጠመዝማዛ ሚስማር፣ በቪቴ አያይዞታል! ደሜ ፈላ።

ልጄ ክፉ አይደለም። ያን ሰሞን እተነፍስ እንደሆነ በየሰዓቱ ብቅ እያለ ያየኝ ነበር። ሥራውን ጥሎ ነው የመጣልኝ። በሩን የነቀለው ስለሚወደኝ ነው፤ አንጀቴን የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው። በክፋት ቢሆን ኖሮ ጮኼ ይወጣልኝ ነበር።

አንተ ግን በር በሌለው ክፍል ውስጥ ኖረህ ታውቃለህ? በአንድ እጅ ቀሚስ መልበስ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። እጅጌውና አንገቱ ሲምታታብኝ፣ ራሴ ጨርቁ ውስጥ ተቀርቅሮ ስታገል፣ በኮሪደሩ የሚያልፍ ሁሉ ያየኛል። ምራቴ "ላግዝዎት" ትላለች። ልጆቹ ቆመው ያዩኛል። መጋረጃ ሰቀልኩ፤ ልጄ ሳይጠራኝ ገልጦ ይገባል። ሁለት ጊዜ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ቧንቧውን ከፍቼ አልቅሻለሁ። በገዛ ቤቴ! እኔ የሠራሁት ቤት ነው፤ ከመስኮቱ እስከ ቁም ሳጥኑ።

"በሬን መልስልኝ" አልኩት። "በኋላ" አለኝ። አናጢ አስጠራለሁ ስለው "እኔ ራሴ መልሼ እነቅለዋለሁ" አለ። "እንግዲያው እኔው እሠራዋለሁ" አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ከፊቱ አልሄድ ስለው እንዲህ አለ፦ "ማንም ጣውላ ሳይይዝልሽ፣ ብቻሽን ከሠራሽው አልነካውም።" እንደማልችል እርግጠኛ ሆኖ ነው የተናገረው። ቃሉን ግን ምራቴ ፊት ነው የሰጠኝ።

በመዶሻ ሞከርኩ። ሚስማር የሚይዝ እጅ ከሌለ መዶሻ ምን ይሠራል? በጥርሴ ይዤ ሁሉ ሞክሬያለሁ፤ እንዳትስቅ። በአባባ መንገድ ላገጣጥም ብል መሮው አንድ እጅ ይፈልጋል፣ መዶሻው አንድ እጅ ይፈልጋል። የአባባ ሙያ ሁለት እጅ ላለው ሰው ነው። ይህን ለመቀበል አንድ ወር ፈጅቶብኛል። ከተቀበልኩ በኋላ ግን የሚስማር ሽጉጥ አሰብኩ፤ አንድ እጅ ይዞት ያው እጅ የሚተኩሰው ነገር።

መጥቼ ልሥራልሽ ላልከው፣ እባክህ አትምጣ። ከመጣህ እጅህ አያስችልህም፣ ትሠራልኛለህ። አንተ የሠራኸውን በር ደግሞ ልጄ ነቅሎ ሌላ መደርደሪያ ያደርገዋል። የእኔን ግን ቃሉ ይዞታል።

ስለዚህ ምርጫው የአንተ ነው። ወይ ትክክለኛውን ሽጉጥ ምረጥልኝ፣ ወይ እዚህ ካለ ሻጭ እጠይቃለሁ። እዚህ ያለው ሻጭ ደግሞ ዓይኔን አይቶ መደርደሪያው ላይ አቧራ የጠጣውን ያሸክመኛል። በእሱ ጣቴን ብመታ ጣጣው ወደ አንተ ይመጣል።

እህትህ

መጋቢት 10

እታለም፣ አለቃዬ፣

እንደምን አለሽ? ይኸው ሰላምታሽ። ደብዳቤሽን ባነበብኩ ቀን ሱቁን አንድ ሰዓት ቀደም ብዬ ዘጋሁ። "ተይው" ስላልኩሽ ይቅርታ። በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ እንደዚያ ያሳፈረኝ የለም።

ከማግስቱ ጀምሮ ሦስት ቀን ግራ እጄን ቀበቶዬ ውስጥ ሸጉጬ ሱቁ ውስጥ ያለውን ማሽን በሙሉ ሞከርኩ። ደንበኞች ምን ሆንክ ይሉኛል። ባለሱቁ "ተጎድተህ ነው?" ሲለኝ "አይ፣ ለእህቴ እየመረጥኩ ነው" አልኩት። ሁለተኛው ቀን ላይ እሱም እጁን ሸጉጦ ይሞክር ጀመር።

የነፋሱ ወደቀ፤ ቱቦውን ለማገናኘት ብቻ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ጣሪያ የሚሠሩበት ትልቁ ደግሞ ቃታውን ስስበው ትከሻዬን ገፈተረኝ፤ እሱንም ተውኩት። ቁጥር 16 ልቤን አማልሎት ነበር፤ ሚስማሩ ወፈር ያለ ነው። ግን አፈሙዙ ይከብዳል። በአንድ እጅ ሲይዙት ወደፊት ይደፋል፣ ከአሥረኛው ሚስማር በኋላ የእጅ አንጓን ያዝላል። የመረጥኩልሽ ቁጥር 18 ነው። ባትሪው ከኋላ ስለሆነ ሚዛኑን ይጠብቃል፣ ጣውላው ላይ ሲጫኑትም ብዙ አያስጨንቅም።

"ይህም በር አይይዝም" ትይኛለሽ። ሚስማሩ ብቻውን አይይዝም። በሩን የሚይዘው ኮላው ነው። ሚስማሩ የሚያገለግልሽ ኮላው እስኪደርቅ ጣውላው እንዳይንሸራተት ነው፤ ሰው አጠገብሽ ቆሞ ቢይዝልሽ የሚያደርገውን ነው የሚያደርግልሽ። ስለዚህ በኮላ አትሳሺ። ባለ አራት ሴንቲውን ሚስማር ነው የላክሁት፤ በነገርሽኝ የጣውላ ውፍረት በሌላው ፊት አይወጣም። አተኳኮሱም ጥንቃቄ ያለው ነው፤ አፈሙዙ ጣውላውን ተጭኖ፣ ከዚያ ቃታው ካልተሳበ አይተኩስም።

አሁን በጣም ልብ ብለሽ አንብቢ። ሚስማር የቅርንጫፍ ቋጠሮ ካገኘ ይታጠፍና በጎን ይወጣል። ሌላ ሰው በዚያ በኩል እጁ ቢኖር ይጮሃል። ያንቺ ግራ እጅ አይጮህም። ደሙን እስክታዪ አታውቂም። ስለዚህ ሽርጥሽ ላይ ቁልፍ ያለው ትልቅ ኪስ አሰፊ። ግራ እጅሽ እዚያ ገብቶ ሳይቆለፍበት ባትሪ አታስገቢ። መነጽርም አድርጊ። ይህን ለእኔ ማይልኝ።

አብሮ የሚመጣው የእንጨት ማስቀመጫ የማሽኑ ነው። ማሽኑን ገልብጠሽ ስታስቀምጪበት አንገቱን ይይዘዋል፤ ባትሪውንም ሚስማሩንም በአንድ እጅ ታወጪያለሽ፣ ታስገቢያለሽ። እኔ ነኝ የሠራሁት። ሁለት አበላሽቼ ሦስተኛው ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ሥራዬ ስለሆነ እባክሽ ብዙ አትመርምሪው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፣ መቀርቀሪያም አይኑረው። ክፍሉ ውስጥ ብትወድቂና በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ፣ ልጅሽ ሲገፋ የሚገፋው አንቺን ነው። ትቆጪኛለሽ፣ አውቃለሁ። ግን ለምኜሻለሁ።

ወንድምሽ

ሚያዝያ 14

ወንድሜ ቶሎቶሎ፣

አሥሩም ጣቶቼ አሉ። ባለፉት ሁለት ደብዳቤዎችህ ከሁሉ አስቀድመህ የጠየቅከኝ እሱን ስለሆነ ከእሱ ልጀምር ብዬ ነው። ሳልጽፍልህ በመቆየቴ አትቀየመኝ፤ ያለችኝ አንድ እጅ ሥራ ላይ ነበረች።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። ጣውላውን በልክ የቆረጠልኝ እንጨት ቤቱ ነው፤ መቁረጥ ከልጄ ጋር ባለን ውል ውስጥ የለም ብዬ ራሴው ፈረድኩ። መላጉንና በብርጭቆ ወረቀት ማለስለሱን ግን እንጨቱን ነክሶ በሚይዘው ሞርሳ ላይ እያሰርኩ እኔው ሠራሁት። የመጀመሪያውን ሚስማር ስተኩስ ከድምፁ የተነሳ ኋላዬን ሄጄ ግድግዳ ላይ ተለጠፍኩ። ከዚያ ሳቅኩ። ከዚያ ሃምሳ ያህል ቁርጥራጭ እንጨት ላይ እየተኮስኩ ዋልኩ። ምራቴ የወርክሾፑ በር ላይ ቆማ ስታይ ቆይታ "አንዴ ልሞክረው?" አለችኝ። መነጽር አድርጊ አልኳት። ሦስቴ ተኩሳ እየሳቀች ሄደች። ከዚያ ቀን ወዲህ "ላግዝዎት" ማለቱን ትታለች።

ልጄ በየቀኑ ከሥራ ሲመለስ ወርክሾፑ ደጃፍ ላይ እጁን አጣምሮ ይቆማል። በአምስተኛው ቀን አንዱ ጣውላ ሲንሸራተትብኝ ዘሎ ሊይዝ መጣ። "እጅህን!" አልኩት። እንዲህ ጮኼ አላውቅም፤ ምላሴ ቀጥ ብሎ ነው የወጣልኝ። ሰበሰበው። ጣውላው መሬት ወደቀ፣ ጫፉ ተሸረፈ፣ እኔው አነሳሁት።

አንተን መዋሸት ትቻለሁና ይህንንም ልንገርህ። በዘጠነኛው ቀን አንዱ ሚስማር ቋጠሮ አገኘውና በጎን ወጣ። ድሮ ስሠራ ግራ እጄ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። እጄ ኪሱ ውስጥ ነበር፣ ተቆልፎበት። ተቀመጥኩና ትንሽ ተነፈስኩ። ከዚያ ሚስማሩን በፒንሳ ቆርጬ ቀጠልኩ። ልጄ አላየም፣ አልነገርኩትምም። አንተም ከነገርከው አልምርህም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን በጀርባው በሰያፍ የሚሄደውን መወጠሪያ ገልብጬ እንደመታሁት አየሁ። ከታች ከማጠፊያው በኩል ተነስቶ ወደ ላይ መሄድ ሲገባው በተቃራኒው! አርባ ዓመት በር የሠራሁ ሴትዮ! ኮላው ሳይይዝ ፈልቅቄ አነሳሁት፣ እንደገና አዞርኩት። አባባ ቢያይ ያንን በር በራሴ ላይ ይሰብረው ነበር።

መልኩን አትጠይቀኝ። ታች በኩል ሦስት ሚሊ ክፍተት አለው፣ የሚስማሩን ቀዳዳ የደፈንኩበትም ይታያል። ማንም አናጢ ቢያየው "ይህንን የሠራው ማን ነው?" ይላል። እኔ ነኝ እለዋለሁ፣ አፌን ሞልቼ።

የለመንከኝን በተመለከተ፣ ደብዳቤህን ያነበብኩ ቀን ተናድጄብህ መቀርቀሪያ ገዝቼ መጣሁ። ሦስት ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ግን ሞኝ አይደለሁም፤ መውደቅ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በሩ ወደ ውጭ ይከፈታል። መቀርቀሪያውን ለወርክሾፑ መስኮት አደረግኩት። ይህን ያደረግኩት ልጄ ስለጠየቀኝ አይደለም፤ እሱ አልጠየቀኝም። አንተ ስለጠየቅከኝና ልክ ስለሆንክ ነው።

ትናንት ልጄና ምራቴ በሩን አንስተው ክፈፉ ላይ አቆሙልኝ። መሸከም ውላችን ውስጥ የለም፤ አንድ እጅ ያለው ቀርቶ ሁለት ያለውም ብቻውን አያነሳውም። የማጠፊያውን ቪቴ አንድ በአንድ ያሰርኩት እኔ ነኝ። እነሱ እስክጨርስ ላብ በላብ ሆነው ያዙ። ስጨርስ ልጄ በሩን በመዳፉ አንዴ ዳሰሰው። ምን እንደሚያስብ አላወቅኩም፣ ቃሉን ያጥፍ ይሆን ብዬ ቀኑን ሙሉ ልቤ እንደተሰቀለ ነው የዋልኩት።

ዛሬ ጠዋት ተነስቼ በሬን ዘጋሁ። ቀሚሴን ለበስኩ። ሩብ ሰዓቴን ሳልሳቀቅ ጨረስኩት፤ አንዴ እጅጌው ሲያስቸግረኝ ጮክ ብዬ ተሳደብኩ፣ ማንም አላየኝም። አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። በዚህ መሃል የልጄ ኮቴ በኮሪደሩ መጣ። አውቀዋለሁ ኮቴውን፤ በየጠዋቱ ሳይቆም መጋረጃውን ገልጦ "እማዬ፣ ደህና አደርሽ?" ይላል። መቀርቀሪያ የለውም፣ በአንድ ጣቱ ቢስበው ይከፈትለታል።

ኮቴው በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

አንኳኳ። ሁለቴ፣ ቀስ ብሎ።

"እማዬ፣ ልግባ?" አለ።

ለብሼ ጨርሻለሁ። ፀጉሬንም አበጥሬያለሁ። የምሠራው አንድም ነገር አልነበረኝም።

"ቆይ" አልኩት።

ቆየ።

እህትህ